ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ከየካ አባዶ የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከአባቴ የቀረችን አንዲት ቮልስ አለች። ሊብሬዋ ላይ 1967 ይላል። ሁለት ድምፅ አስቸግሮኛል። አንደኛው፣ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ ብዬ ስዞር ከፊት በኩል ‹ኳ› ይላል። መሪው እጄ ላይ ሲመታኝ ይሰማኛል። ሁለተኛው ከኋላ ነው። ፍሪሲዮን ለቅቄ ስነሳ አንድ ጊዜ ‹ጓ› ይላል፤ እግሬን ከነዳጅ ላይ ሳነሳም ይደግመዋል። በኋላ ማርሽ ስሄድ ደግሞ ይብሳል። ክላክሱም አንዳንዴ መሪ ስጠመዝዝ ይጠፋል። አንድ ጋራዥ ብወስዳት ‹ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ፣ የፊት እግሯም በሙሉ ይቀየር› አሉኝ። የጠየቁኝን ብር ስትሰማ እናቴ ‹ይህችን መኪና ሽጫት› አለች። እኔ ግን መንዳት የተማርኩት በእሷ ላይ ነው፣ ያስተማረኝም አባቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቁልፍ መያዝ ይችላል። ከየት እንጀምር?»

እህቴ፣ አትሽጫት። ቢያንስ ከወንድምሽ ጋር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥሯ ገብታችሁ ሳታዩ አትሽጫት። ደብዳቤሽ ከብዙ ባለመኪኖች የተሻለ ነው። ብዙ ሰው «መኪናዬ ይንኳኳል» ብሎ ያቆማል። አንቺ ግን የት እንደሚሰማ፣ መቼ እንደሚሰማና ምን ስታደርጊ እንደሚብስ ነግረሽኛል። ግማሹ ሥራ እሱ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። የፊቱ ድምፅ ምን እንደሆነ በደንብ እስኪታወቅ ድረስ ትምህርት ቤት በታክሲ ሂጂ። የኋላው ድምፅ መንገድ ላይ ሊያስቆምሽ ይችላል። የመሪው ግን ከቁጥጥርሽ ሊያወጣት ይችላል። ከየካ አባዶ እስከ ኮተቤ ያለው መንገድ ደግሞ በጠዋት በእግረኛ ተማሪ የተሞላ ነው፤ ይህን ከእኔ የበለጠ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ሥራው። ሁለቱን ድምፆች አንድ በሽታ አታድርጊያቸው። ጋራዡ አንድ ላይ ጠቅልሎ ዋጋ ስለነገረሽ አንድ ሊመስሉሽ ይችላሉ። የሚያንኳኳ ነገር ሁሉ የላላ ነገር ነው። የላላ ነገር ደግሞ በእጅ ይገኛል። መለዋወጫ ከመግዛትሽ በፊት ልልነቱን በእጅሽ ማግኘት አለብሽ። ካላገኘሽው ምንም አትግዢ።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ክላክሱ ላይ ነው። ምናልባት አንቺ እንደ ተጨማሪ ነገር ነው የጻፍሽው። ለእኔ ግን ዋናው ፍንጭ እሱ ነው። የቮልስ መሪ ዘንግ ከመሪው ሳጥን ጋር በቀጥታ አይገናኝም። መሐላቸው ክብ፣ ጎማና ጨርቅ የተቀላቀለበት ማያያዣ አለ። የመንገዱን ንዝረት ወደ እጅሽ እንዳያደርስ የተደረገ ነው። ጎማ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ የክላክሱ መሬት (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) እንዲያልፍ በማያያዣው ላይ አንዲት አጭር ሽቦ ትዘረጋለች። ሽቦዋ ከተበጠሰች ወይም ከላላች መሪ ስትጠመዝዢ ክላክሱ ይጠፋል። ሽቦዋ ብቻዋን ልትበጠስም ትችላለች። ግን መሪው እጅሽ ላይ እየመታ ክላክሱም ሲጠፋ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ያንን የጎማ ማያያዣ ነው። ከተሰነጠቀ ወይም ቡሎኖቹ ከላሉ ‹ኳ› የምትለዋን ድምፅ አገኘሻት ማለት ነው። ዋጋው የፊት እግር ከመቀየር ጋር አይወዳደርም።

ምርመራውን እንዲህ አድርጉት። ከዚያ በፊት የፊቱን ኮፈን ክፈቺና ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ የአባትሽን የድሮ ቁልፎች ሁሉ አውጪ። ከዚያ ሰፈር ውስጥ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ፣ ያንኑ ኮብልስቶን አንድ ዙር ሂጂበት። ይህን የምልሽ በዋዛ አይደለም። ያልታሰረ ትርፍ ጎማ የላላ እግር የሚመስል ድምፅ ያወጣል።

ድምፁ ካልጠፋ ደልዳላ ቦታ አቁሚያት። ሞተሩ ይጥፋ። አራቱም ጎማ መሬት ላይ ይሁን፤ ክሪክ አሁን አያስፈልግም። ወንድምሽ ወንበር ላይ ይቀመጥና መሪውን ግራና ቀኝ በትንሹ፣ አንድ መዳፍ ያህል፣ ደጋግሞ ያወዛውዝ። አንቺ ከፊት በኩል ሥሯ ገብተሽ እያንዳንዱን መገናኛ በመዳፍሽ ጨብጪ። በመጀመሪያ ያንን የጎማ ማያያዣ። ቀጥሎ የመሪውን ሳጥን። ሳጥኑ ራሱ አክስሉ ላይ በማሰሪያ የተያዘ ነው፤ ማሰሪያው ከላላ ሳጥኑ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ብዙ መካኒክ ይህን ያልፈዋል። ከዚያ ታይሮዶቹን፣ የመሪውን ሳጥን ከፊት ጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ዘንጎች፣ ያዢ። ቮልስ ሁለት ነው ያላት፣ አንዱ አጭር አንዱ ረዥም። ጫፎቻቸው ላይ በጠቅላላ አራት ኳሶች አሉ። የላላው ኳስ መዳፍሽ ውስጥ ይዘላል። አትሳሳቺውም። በመጨረሻም የመሪውን ሾክ አብዞርበር ነካ አድርጊው፤ ጫፉ ላይ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ካለቀ ልክ እንዳንቺ ያለ ድምፅ ነው የሚያወጣው።

የመሪውን ልልነት ለመለካት ማስመሪያ ይበቃሻል። ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ፣ የመሪው ጠርዝ ጎማውን ሳያንቀሳቅስ እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቢሄድ ያለ ነው። ከዚያ ከበለጠ አንድ ቦታ ላልቷል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሳጥኑ ላይ ክፍተት ማስተካከያ ቡሎን አለ። አንዳንዱ ሰው ሌላውን ሳያይ እሱን ጥብቅ ያደርገዋል። መሪው ቀጥ ሲል ደህና ይመስላል፣ ኩርባ ላይ ግን ይነክሳል፣ ከኩርባም አልመለስም ይላል። ሌላው ሁሉ ሳይታይ ያንን ቡሎን ማንም እንዳይነካው።

እጅሽ ምንም ካላገኘ የፊቱን ጎማ አንድ በአንድ በክሪክ አንሺ። የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ። ከሥሯ ጠንካራ ስታንድ ይግባ። ክሪክ ብቻ በያዛት ቮልስ ሥር አትግቢ፣ ወንድምሽንም አታስገቢ። ከዚያ ጎማውን ላይና ታች ይዘሽ ነቅንቂው። ከተነቃነቀ ወንድምሽ ፍሬን ይርገጥና ድገሚው። ፍሬኑ ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ነው፤ ይጠበቃል ወይም ይቀየራል። ፍሬን ተይዞም ከተነቃነቀ የእግሩ መገጣጠሚያ ነው። ያኔ ጋራዡ ስለ ፊት እግሯ የነገረሽ እውነት ነበረው ማለት ነው፤ ግን ያ ጎን ብቻ ነው እንጂ ‹በሙሉ› አይደለም። ኩሽኔታውን የሚያጠብቅ ሰው ካለ ይህን ንገሪው፦ የግራው የፊት ጎማ ዳዶ (እንደ ቡሎን ክዳን የሚጠብቀው ብረት) የሚፈታው በተቃራኒው ነው። በዚያ ጎማ መሐል የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ካቦ ያልፋል። ይህን ያላወቀ ጎበዝ ልጅ ረዥም ቱቦ አስገብቶ ጥርሱን ሲያበላሽ አይቻለሁ።

ስለ መለዋወጫ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው። ሊብሬሽ ላይ ያለው 1967 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 1959 ወይም 1960 መሆኑ ነው። ይህ ጥቅም አለው። የጀርመን ሥሪት የሆኑት ቮልሶች የፊት እግራቸው እስከ ፈረንጆቹ 1965 አጋማሽ ድረስ በፒን ነበር የሚዞረው። ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ወደ ቦል ጆይንት ተቀየረ። ያንቺ እንግዲህ ባለ ቦል ጆይንት መሆን አለባት። ግን በሊብሬ ብቻ አትመኚ። ከ50 በሚበልጥ ዓመት ውስጥ የፊት አክስሏ ከሌላ ቮልስ ተወስዶ ሊሆን ይችላል። ሥሯ ገብተሽ እዪ። ከእግሩ ላይና ታች በጎማ ክዳን የተሸፈነ ክብ ኳስ ካለ ቦል ጆይንት ነው። ሶማሌ ተራ ስትሄጂ «የቮልስ እግር» ብለሽ አትጠይቂ። የተፈታውን አሮጌ ዕቃ በላስቲክ ጠቅልለሽ ይዘሽ ሂጂና ጎን ለጎን አስተያይተሽ ግዢ። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ድረስ ተመርታለች። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ጠፍቷል የሚልሽን ቶሎ አትመኚው።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ እናትሽን «ሽጫት» ያሰኛት የካምቢዮው ዋጋ ስለሆነ።

የቮልስ ካምቢዮ እንዲወርድ መጀመሪያ ሞተሩ መውረድ አለበት። ብዙ ቡሎን፣ ብዙ ሽቦ፣ ብዙ ሰዓት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። አንድ ደንበኛ ልክ እንዳንቺ ‹ጓ ትላለች› ብሎ መጣ። ሞተር አወረድኩ፣ ካምቢዮ አወረድኩ፣ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከበሩ ሲወጣ ‹ጓ› አለች። ችግሩ የነበረው ከጎማው መሐል ያለች አንዲት ዳዶ ላይ ነበር። የሰውየውን ገንዘብ መለስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን ዳዶ ሳላይ ካምቢዮ አውርጄ አላውቅም።

ዳዶዋ የት እንዳለች ልንገርሽ። የኋላውን የቸርኬ ክዳን አውጪው። መሐል ላይ ትልቅ ዳዶ ታያለሽ፣ 36 ቁጥር ቁልፍ ነው የሚይዛት። ታምቡሩን፣ ጎማው የሚታሰርበትን የፍሬን ከበሮ፣ ከአክስሉ ጋር አጥብቃ የምትይዘው እሷ ናት። አክስሉ ጫፉ ላይ ጥርስ አለው፤ ታምቡሩም ውስጡ ጥርስ አለው፤ ይነካከሳሉ። ዳዶዋ በትንሹ ከላላች በተነሳሽ ቁጥር ታምቡሩ ጥርሱ ላይ ወደ ፊት ይመታል። ነዳጅ ስትለቂ ወደ ኋላ ይመታል። በኋላ ማርሽ ስትሄጂ ደግሞ በሌላኛው በኩል ይመታል። ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽው በትክክል ይህንኑ ነው። እያደር ጥርሱ ይበላል። በጣም ከቆየ ጎማው ከነታምቡሩ ሊወጣ ይችላል።

እንዴት ታውቂያለሽ? አንቺ መምህርት ነሽ፣ ጠመኔ አታጪም። ከአክስሉ ጫፍ በዳዶዋ ላይ አድርጎ እስከ ታምቡሩ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሪ። መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጊው፣ አለበለዚያ አይታይም። ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንደኛ ማርሽ ይግባ፤ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። ከፊትም ከኋላም ከጎማው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። ወንድምሽ ከኋላ መኪናዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዛት። አንቺ ከጎን ሆነሽ መስመሩን ብቻ እዪ። ታምቡሩ ሲሄድ ዳዶዋና አክስሉ ከቀሩ፣ ማለትም መስመሩ ለሁለት ከተሰበረ፣ አገኘሽው። በሌላኛውም ጎማ ድገሚው። ሌላም ምልክት አለ። ከዳዶዋ ዙሪያ እንደ በርበሬ የቀላ ደቃቅ ዱቄት ካየሽ፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚወጣ ዝገት ነው።

ዳዶዋ የምትጠብቀው በ30 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። ይህ ማለት አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ መጫን፣ ወይም ግማሽ ሜትር ላይ 60 ኪሎ ነው። በተራ ቁልፍና በክንድ ጉልበት አይደረስበትም። «ጠበቅ አድርጌዋለሁ» የሚል መካኒክ ቱቦ ካልያዘ አላጠበቀም። የኋላዎቹ ዳዶዎች ሁለቱም እንደ ተለመደው ነው የሚፈቱት። ሲፈታም ሲጠብቅም ጎማው መሬት ላይ ይሁን። ዳዶዋ እንዳትፈታ በቀዳዳ የምታልፍ ሹካ የመሰለች ሽቦ አለች። ከጠበቀ በኋላ ቀዳዳው ካልገጠመ ወደ ፊት ትንሽ ይጨመራል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ሽቦዋ ደግሞ አዲስ ትሁን።

ዳዶዋን ከማጥበቅሽ በፊት ግን ታምቡሩ ይውጣና ጥርሱ ይታይ። የታምቡሩ ጥርስ ከተበላ ማጥበቅ ለጥቂት ሳምንት ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያድነውም። ታምቡር መቀየር ነው። የአክስሉም ጥርስ ከተበላ አክስሉም ይቀየራል። ይህ ወጪ አለው፣ አልዋሽሽም። ግን ካምቢዮ ማውረድ አይደለም።

ዳዶዎቹ ሁለቱም ጥብቅ ከሆኑ ወደ ጎሚኒዎቹ እለፊ። ካምቢዮው ከሰውነቷ ጋር የተያዘው በጎማ መቀመጫዎች ነው፤ አንድ ከአፍንጫው፣ ሁለት ከሞተሩ በኩል። ዘይት የነካው ጎማ ይላሽቃል፣ ከብረቱም ይላቀቃል። ወንድምሽ ሞተር አስነስቶ፣ ፍሬን አጥብቆ ረግጦ፣ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን መኪናዋ ልትነሳ እስክትል ብቻ ቀስ ብሎ ይልቀቅ፤ ከዚያ በኋላ ማርሽ ይድገመው። አንቺ በጎን በኩል ሆነሽ ሞተሩ ምን ያህል ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚዘል እዪ። በጎን አልኩሽ፤ ከፊቷም ከኋላዋም ማንም አይቁም። መነሳት ላይ ከ‹ጓ› ይልቅ መንቀጥቀጥ ካለ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ካቦ ካምቢዮው ጋ የሚያልፍበትን ቱቦ እዪው። ትንሽ ጎበጥ ብሎ መታጠፍ አለበት፣ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያህል። ቀጥ ካለ ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል።

የጎማ ቡሎኖቹን መጥበቅ አልነገርኩሽም፤ እሱን በምርመራው ሁሉ መጀመሪያ አድርጊው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ድምፁ ካለ፣ ያኔ ስለ ካምቢዮው እናውራ። ያኔም ከማውረድ በፊት ዘይቱን እዪ። መጀመሪያ የመሙያው ቡሎን መከፈቱን አረጋግጪ፣ ከዚያ የማፍሰሻውን ክፈቺ። አፍስሰሽ መሙያው እምቢ ካለሽ ዘይት የሌለው ካምቢዮ ታቅፈሽ ትቀሪያለሽ። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት አለው። ላዩ ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ደቃቅ ነገር ቢኖር አትደንግጪ። የጥርስ ስባሪ ካለ ግን ጋራዡ ልክ ነው። አዲሱ ዘይት 2.5 ሊትር ነው፣ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት። እንዲሁም ጎማውን በእጅ ስታወዛውዢ ዲፍረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) ውስጥ ትንሽ ክፍተት ቢሰማሽ የጤና ነው። ያንን አሳይቶ ‹ይኸው ተበልቷል› የሚልሽ ሰው ቢመጣ ሌላ ሰው አስጨምረሽ አሳዪ።

ከሥሯ ስትወጪ አንድ ነገር ጨምረሽ እዪልኝ። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ማሰሪያው ከላላ እሱም ኮብልስቶን ላይ ይንኳኳል። ይህ ግን ከድምፅ በላይ ነው። የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ያስነሳል። ማሰሪያው ይጥበቅ፣ ላዩ ላይ ክዳን ይኑረው። ተማሪዎች ከኋላ የምትጭኚ ከሆነ ይህን ዛሬውኑ አድርጊው።

ለእናትሽም እንዲህ በያቸው፦ ቅዳሜ እስኪያልፍ ይታገሡኝ። ከዚያ የጠመኔው መስመር በየትኛው ጎማ እንደተሰበረ ጻፊልኝ፣ ግራው ነው ወይስ ቀኙ። ታምቡሩ ወጥቶ ጥርሱን ካየሽም ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ አክስሉ መቀየር እንዳለበትና እንደሌለበት ከፎቶው ልነግርሽ እችላለሁ።